ኳስ ለማየት ደቡብ አፍሪካ ደርሰን መጣን

ሰው አገሩን ለቆ የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለሥራ ይሄዳል። ሌላው ለትምህርት ይሄዳል። የታመመም ለሕክምና ይሄዳል። እኛ ግን ኳስ ለማየት ሄድን። «ለኳስ ብሎ አገር የሚያቋርጥ ሰው አለ እንዴ?» ብለው የሳቁብን ነበሩ። ምን ይደረግ፤ እኛ ሄድን። ያየነውን እንነግራችኋለን። ያጠፋነውንም አንደብቃችሁም።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ቀኑ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከሱዳን ጋር ተጫወተ። 2 ለ 0 አሸነፈ። ግቦቹን ያገቡት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ናቸው። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

ከዚያ በፊት ካርቱም ላይ ሱዳን 5 ለ 3 አሸንፎን ነበር። ሁለቱ ጨዋታዎች ሲደመሩ 5 ለ 5 ሆነ። ታዲያ ማን ይለፍ? ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ግቡ እኩል ከሆነ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባው ያልፋል። እኛ በሱዳን ሜዳ 3 አግብተናል። ሱዳን በእኛ ሜዳ አንድም አላገባም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ከዚያ በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃችው በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነበር። በመሐሉ 31 ዓመት አልፏል። በ31 ዓመት ውስጥ ሕፃን አድጎ አባት ይሆናል።

በዚያ ማታ ሆሳዕና ከተማ አልተኛችም። መኪናው ጥሩምባ ይነፋል። ሽማግሌው ከዘራውን ያወዛውዛል። እናቶች እልል ይላሉ። እኛም እዚያው መንገድ ላይ ቆመን ተማማልን። «ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ ነው። እንሄዳለን!» አልን።

የሄድነው አምስት ሰዎች ነን። አንዱ መምህር ነው። ሁለቱ እህል ነጋዴዎች ናቸው። አራተኛው ሾፌር ነው። አምስተኛው ልብስ ሰፊ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ካገቡ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ነጋዴዎቹና መምህሩ የዕቁብ ብራቸውን አወጡ። ሾፌሩ ከወንድሙ ተበደረ። ጋሼ ሁለት የስፌት መኪና ነበራቸው፤ አንዱን ሸጡ። ባለቤታቸው ተቆጡ። «ኳስ አይጠቅምም፤ የሚጠቅም መርፌ ነው» አሏቸው። ጋሼ ግን መልስ ነበራቸው። «የእህቴ ልጅ እዚያ አይደለም ወይ? ኳሱንም አያለሁ፤ ልጁንም አያለሁ» አሉ።

እውነትም የእህታቸው ልጅ ጆሃንስበርግ አለ። ከቤቱ ከወጣ 6 ዓመት ሆኖት ነበር። እናቱ በሶና በርበሬ ቋጥራ ሰጠችን። «ሌላ ነገር አልፈልግም። ፊቱን አይታችሁ ንገሩኝ። ከስቷል ወይስ ወፍሯል?» አለችን።

መምህሩ ያጫወተን

ፓስፖርት አወጣን። ቪዛ ጠየቅን። ቪዛ ማለት ወደ ሰው አገር የመግቢያ ፈቃድ ነው። ጥር 9 ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሣን። እስከ ጆሃንስበርግ ከአምስት ሰዓት በላይ ይበራል። ከአምስታችን አራታችን አውሮፕላን ውስጥ ገብተን አናውቅም። ጋሼ ቀበቷቸውን ከታጠቁ በኋላ እስክንወርድ ድረስ አልፈቱትም።

መምህሩ እንዳንፈራ ብሎ ታሪክ ያጫውተን ጀመር። እንዲህ አለን፦

«የአፍሪካ ዋንጫ የተጀመረው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ናቸው። እነሱም ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ናቸው። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ግን ሳትጫወት ቀረች። ለምን? በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካን የሚገዙት ነጮች ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን አይጫወትም አሉ። አፍሪካውያን ደግሞ እንግዲያው አትምጡ አሏቸው። ይህ በዘር መለያየት አፓርታይድ ይባል ነበር።

«በ1954 ዓ.ም. ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ቀኑ ጥር 13 ነበር። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ይድነቃቸው በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ሠርተዋል። አፓርታይድ ሳይወድቅ ደቡብ አፍሪካ ከኳስ መድረክ እንዳትገባ የታገሉ ሰው ናቸው። በዚያው በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ውስጥ የውትድርና ትምህርት ተምረዋል።

«አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ ራሷ ወሰደችው። በ2002 ዓ.ም. የዓለምን ዋንጫ አዘጋጀች። የ2005ቱ ዋንጫ ለሊቢያ የተሰጠ ነበር። ሊቢያ በጦርነት ስለታመሰች ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ።»

ከዚያ ጣቱን አንሥቶ አንድ ነገር ጨመረ። «አሁን ስሙኝ። የእኛ የመጀመሪያ ጨዋታ መቼ ነው? ጥር 13 ቀን ነው። ዋንጫ ከወሰድንበት ቀን ጋር አንድ ቀን ነው። ልክ 51 ዓመት!»

እኛም ይህን ሰምተን ያሸነፍን መሰለን።

ጆሃንስበርግ

ጆሃንስበርግ በወርቅ ምክንያት የተቆረቆረች ትልቅ ከተማ ናት። መንገዱ ሰፊ ነው። ሕንፃው ረጅም ነው። መኪና የሚሄደው ግን በግራ በኩል ነው። ሾፌራችን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ከወዲያ መኪና በመጣ ቁጥር ፍሬን እንደሚይዝ ሰው እግሩን ይዘረጋል። «ኧረ ተው! ኧረ ተው!» ይላል። ባለ ታክሲው ይስቃል።

ጄፒ የሚባል መንገድ አለ። እዚያ ስትደርስ አገርህ የገባህ ይመስልሃል። በረጃጅሞቹ ፎቆች ውስጥ ድሮ የሐኪም ቤቶች ነበሩ። አሁን ክፍሎቹ ተከፋፍለው ትናንሽ ሱቆች ሆነዋል። ባለ ሱቆቹ አብዛኛዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ብርድ ልብስ፣ ሱሪ፣ ጫማ፣ መጋረጃ ይሸጣሉ። ቡና ይቆላል። እንጀራ አለ። ጋሼ በየበሩ እየቆሙ የአማርኛውን ጽሕፈት ጮክ ብለው ያነባሉ። «ቡና… አለ። ምግብ… ቤት። እዩት፤ ፊደላችን እዚህ ድረስ መጥቷል!» ይላሉ።

የእህታቸው ልጅ ከሱቁ ወጥቶ መጣ። «አጎቴ!» ብሎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም አለቀሱ። እኛም ዞር አልን።

ማታ ቤቱ ወሰደን። አንዲት ክፍል ናት። ሦስት ልጆች ሆነው ይኖሩባታል። አልጋውን ለእኛ ለቀው መሬት ላይ ተኙ። እናቱ የላከችውን በሶ በጥብጦ ጠጣ። ከዚያ ጋሼ ጠየቁት። «እኛ በአምስት ሰዓት ደረስን። አንተስ በስንት ቀን ደረስክ?»

ልጁ ዝም አለ። በኋላ ተናገረ።

«በአራት ወር። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጌ ነው። ቀን ጫካ ውስጥ እንተኛለን። ሌሊት እንሄዳለን። የጭነት መኪና ላይ እንደ ጆንያ ይደራርቡናል። ሸራ ያለብሱናል። አየር ያጥራል። ውሃ የለም። አንድ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ቀረ። ለእናቴ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት ብያታለሁ።»

ይህ ልጅ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ በጭነት መኪና ታፍነው ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። እኛ በሰላም ከሄድንበት ጊዜ 7 ወር እንኳ አይሞላም።

ልጁ ሌላም ነገር ነገረን። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሱቆች ተዘረፉ። የእሱም ዕቃ በዚያ ጊዜ ተዘርፏል። «እንደገና ከባዶ ጀመርኩ። አሁን ደንበኞቼ ይወዱኛል። ቋንቋቸውን ዙሉን ተምሬያለሁ። እዚህ አገር ጥሩ ስም ማለት ቆርቆሮ ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ያስጠልላል» አለን።

ይህን ቃል ልብ በሉት። በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ኔልስፕሩት

የእኛ ጨዋታ ኔልስፕሩት በምትባል ከተማ ነው። አሁን ምቦምቤላ ትባላለች። ከጆሃንስበርግ ወደ ምሥራቅ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ሞዛምቢክ ጠረፍ ቅርብ ናት።

ጥር 13 ቀን ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሣን። አውቶቡሱን የተከራዩት በጄፒ ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በየሱቃቸው በር ላይ ቁልፍ ቆልፈው ወጡ። የአንድ ቀን ገበያ ለእነሱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንድም ሰው አልቀረም ማለት ይቻላል። አንገታቸው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጠምጥመዋል።

መጀመሪያ መንገዱ ደጋ ነው። ሜዳው በቆሎ ብቻ ነው። ዓይን እስኪያይ ድረስ በቆሎ! ነጋዴዎቻችን በኩንታል ያሰሉ ጀመር። ቀጥሎ ከድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ትልልቅ ፋብሪካዎች ታዩ። ጭሳቸው እንደ ደመና ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። በተራራው ላይ ባሕር ዛፍና ጥድ በመስመር ተተክሏል። ጋሼ ባሕር ዛፉን ሲያዩ «ይሄማ የእኛ ነው» አሉ። መምህሩ «የእኛም የእነሱም አይደለም ጋሼ። ሁላችንም ከአውስትራሊያ ነው ያመጣነው» አላቸው። ታች ስንደርስ የብርቱካን እርሻ አገኘን። ሙቀቱም በዚያው መጠን ጨመረ።

ስታዲየሙን ከሩቅ አየነው። ጣራውን ደግፈው የያዙት 18 ብርቱካንማ ምሰሶዎች ናቸው። እያንዳንዱ ምሰሶ እንደ ቀጭኔ ሆኖ ተሠርቷል። አንገታቸውን አስግገው ጣራውን የተሸከሙ ቀጭኔዎች ይመስላሉ። ወንበሮቹ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሆነው እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ ተዥጎርጉረዋል። ከተማዋ የአራዊት መጠበቂያው ጎረቤት ስለሆነች ነው።

ቲኬታችን ላይ የበሩ፣ የረድፉና የወንበሩ ቁጥር ተጽፏል። ጽሕፈቱ እንግሊዝኛ ነው። ጋሼ ግን ቁጥሩን እያነበቡ ማንንም ሳይጠይቁ ወንበራቸውን አገኙ። «ቁጥር በየትም አገር ቁጥር ነው» ብለው ተቀመጡ። ልጃቸው ለሁላችንም ቩቩዜላ ገዛልን። ቩቩዜላ ማለት የደቡብ አፍሪካ የፕላስቲክ ጥሩምባ ነው። ርዝመቱ ክንድ ያህላል። ሺ ሰው ሲነፋው የንብ መንጋ የተነሣ ይመስላል።

ከስታዲየሙ ውስጥ የእኛ ሰው ብዛት ጉድ ነው። ከጆሃንስበርግ፣ ከፕሪቶሪያ፣ ከደርባን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አለ። ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሐዲያ፣ ጉራጌ፣ ትግሬ፣ ከምባታ ሁሉም አንድ ላይ «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» ይላል። የብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር የጋሼ ልጅ ፊቱን በባንዲራው ሸፈነ። 6 ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ናፍቆት እዚያ አወጣው።

የተወረወረው ጥሩምባ

ጨዋታው በ11 ሰዓት ተጀመረ። አገራችን በዚያ ጊዜ 12 ሰዓት ነው። የገጠመን ዛምቢያ ነው። ዛምቢያ በፊተኛው ዓመት ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው። የሜዳው ሣር ስለተጎዳ አሸዋው ይታያል። የእኛ ልጆች ግን አልፈሩም። ኳሱን እየተቀባበሉ ሄዱ።

ሪጎሬ አገኘን። ሪጎሬ ማለት በግቡ አጠገብ ጥፋት ሲሠራ የሚሰጥ ቅጣት ነው። መቺውና በረኛው ብቻ ይፋጠጣሉ። ሳላዲን ሰኢድ መታ። የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው። «ወይኔ!» አልን።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ። በረኛችን ጀማል ጣሰው ኳሱን ለማዳን ከግቡ ወጥቶ ሮጠ። ከዛምቢያው ተጫዋች ጋር ተጋጨ። ዳኛው ቀይ ካርድ አሳየው። ቀይ ካርድ ያየ ከሜዳ ይወጣል፤ ሌላ ሰውም አይተካበትም። ቡድኑ በ10 ሰው ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ያጠፋነው። ሰዉ ተነሣ። ተቆጣ። የያዘውን ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረ። ጠርሙስ ተወረወረ። ቩቩዜላ እንደ ዝናብ ወረደ። ጨዋታው ቆመ። ሌላው ወረወረ ብለን ራሳችንን ልናነጻ እንችል ነበር። ግን እውነቱ እንዲህ አይደለም። ከእኛም መሐል ተወርውሯል። ጋሼ ተነሡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ወሰዱ። ልጃቸው «ተው አጎቴ!» ብሎ እጃቸውን ሊይዝ ዘለለ። አልደረሰም። ቩቩዜላው ሄዷል። ከሜዳው ጠርዝ ላይ አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ቆማ ነበር። እግሯ ሥር ወደቀ። ሴትዮዋ ራሷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልጁ ተቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ። አጎቱን አልተቆጣም። ቀስ ብሎ እንዲህ አላቸው፦

«አጎቴ፣ እናንተ በሳምንት ትሄዳላችሁ። እዚህ የምንቀረው እኛ ነን።»

ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። እኛም አልነበረንም።

ከዚያ ምን ሆነ? የተወረወረው ነገር ቡድናችንን ጠቀመ ወይ? አልጠቀመም። ቀይ ካርዱ አልተሻረም። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ።

ከዕረፍት መልስ ሰዉ ሌላ ነገር አደረገ። መዘመር ጀመረ። አንዱ ወገን ይጀምራል፤ ሌላው ይቀበላል። ጭብጨባው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከ11 ተጫዋቾች ጋር የሚታገሉት 10 ልጆች ይህን ሰሙ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ! ጋሼ የማያውቁትን ሰው አቀፉ። መምህሩ መነጽሩን ጣለ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የዋንጫው ባለቤት 10 ሰው ማሸነፍ አቃተው።

በዚያው ማታ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶም 1 ለ 1 ወጡ። አራቱም እኩል አንድ አንድ ነጥብ ያዙ። ደስ ብሎን ወደ ጆሃንስበርግ ተመለስን። ጋሼ ግን መንገዱን ሙሉ በመስኮት ጨለማውን ያዩ ነበር። በኋላ እንደሰማነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በደጋፊዎች ጥፋት የኢትዮጵያን ፌዴሬሽን በገንዘብ ቀጣ። እኛ በወረወርነው አገር ከፈለች።

በሱቁ ውስጥ

በማግሥቱ ከልጁ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። አንድ ደንበኛው መጣ። የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው። ብርድ ልብስ እየመረጠ በዙሉ አንድ ነገር ተናገረ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ መለሰለት። «ምን አለህ?» አሉት ጋሼ።

«ሰዎችህን በቴሌቪዥን አየኋቸው። እኛ ቤት እንግዳ ዕቃ አይወረውርም አለኝ» አላቸው።

«አንተስ ምን አልከው?»

«ይቅርታ፤ ተናደው ነው አልኩት። ምን ልበለው?»

ከዚያ በብርድ ልብሱ ዋጋ ላይ ቀነሰለት። ጋሼ ይህን አዩ። የቀነሰውን ያህል ብር ከኪሳቸው አውጥተው ሊሰጡት አሉ። ልጁ እንቢ አለ።

ሁለተኛው ጨዋታ

ጥር 17 ቀን ዓርብ ወደ ኔልስፕሩት ተመለስን። የምንገጥመው ቡርኪና ፋሶን ነው። ጋሼ ገና በሩን ሳይገቡ የጥበቃ ሠራተኛዋን መፈለግ ጀመሩ። «መልኳን አውቃለሁ» ይላሉ። እኛ አታገኟትም አልናቸው። ግን አገኟት። ከዚያው ቦታ ቆማለች።

ልጁን ይዘው ወደ አጥሩ ቀረቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰኞ ዕለት እግርሽ ሥር የወደቀውን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሆኜ እንደ ልጅ ሠራሁ። ይቅር በይኝ በላት» አሉት። ልጁ በዙሉ ነገራት። እሷም ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ ሳቀች። «ከእናንተ የተወረወረውን ስለቅም ወገቤን አሞኛል። ዛሬ እንዳታስለቅሙኝ» አለች።

የዚያ ዕለት ጨዋታ መራራ ነበር። አንድ ገባብን። ሁለት ገባብን። ሦስት ገባብን። አራተኛም ገባ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን። ሰው የሚናደድ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያናድዳል? ከእኛ ወንበር አካባቢ ግን አንድም ነገር አልተወረወረም። ልጆቹ ከሜዳ ሲወጡ ቆመን አጨበጨብንላቸው። ጋሼ ቩቩዜላቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር።

ሦስተኛው ጨዋታ ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ሆነ። እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቆየን። ከዚያ ናይጄሪያ ሪጎሬ አገኘ። ቪክቶር ሞሰስ አገባ። መጨረሻ ላይ ሌላ ሪጎሬ ተሰጠብን፤ በረኛችን ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። በረኛ የሚቀየርበት ዕድል አልቆ ስለነበር ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ቆመ። ሪጎሬውም ገባ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ዋንጫው ለእኛ እዚያ ላይ አበቃ።

ያሸነፉን ግን ተራ ቡድኖች አልነበሩም። የካቲት 3 ቀን ለፍጻሜ የተገናኙት እነዚሁ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው። ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እንደገና የበቃችው ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው።

መመለሻችን

ልጁ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘን። ለእናቱ ነጠላ ጫማና ብርድ ልብስ ላከ። ከዚያ አጎቱን ወደ ጎን ወሰዳቸው። «ታናሽ ወንድሜ ልምጣ እያለ ይደውልልኛል። በዚያ መንገድ እንዳይመጣ። እኔ ደርሻለሁና እሱም የሚደርስ ይመስለዋል። የቀረውን ጓደኛዬን አያውቀውም» አላቸው። ጋሼ «እነግረዋለሁ» አሉ። በእጃቸው የጨበጡት አንድ ቩቩዜላ ብቻ ነበር።

ሆሳዕና ስንገባ የልጁ እናት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ስለ ኳሱ አልጠየቀችም። «ከስቷል ወይስ ወፍሯል?» አለች።

ጋሼ ተቀመጡ። «አልከሳም፤ አልወፈረም። ሰው ሆኗል። አጎቱን እንኳ ይመክራል» አሏት። ከዚያ ታናሹን ልጅ አስጠሩት። በሩን ዘግተው ከእሱ ጋር ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ልጁ ግን ሲወጣ ፊቱ ከብዶት ነበር። አሁን በጋሼ ቤት ልብስ ስፌት ተምሮ ይሠራል። የተሸጠችው የስፌት መኪናም በሁለት ዓመት ተተክታለች።

እኛ ኳስ ለማየት ሄደን አንድ ነጥብ፣ አንድ ግብና አንድ ትምህርት ይዘን መጣን። ደጋፊ ሆኖ ሰው አገር የሄደ እንግዳ ነው። እንግዳ ያጠፋውን የሚከፍለው እዚያ የሚኖረው ዘመዱ ነው። መልካም የሠራውም የሚተርፈው ለእሱ ነው። ልጁ እንዳለው ጥሩ ስም ቆርቆሮ ነው። እኛ በደስታ ሄደን የሰው ቆርቆሮ ልንነቅል ነበር።

እንወያይ

1. ልጁ «እዚህ የምንቀረው እኛ ነን» ሲል ምን ማለቱ ነው?
2. ደጋፊዎቹ ከወረወሩት ይልቅ የዘመሩት ለቡድኑ ምን ጠቀመው?
3. ከአካባቢያችሁ ወደ ሩቅ አገር የሄደ ሰው አለ? የመንገዱን ነገር ለቤተሰቡ ነግሯል?